ድንጋይ ዳቦ የሚሆነው መቼ ነው?

«ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን…» እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። ያ ዘመን መቼ እንደነበር፣ ድንጋዩስ ዳቦ መሆኑን ለምን እንደተወ ግን ማንም አልነገረንም። እኛም ተረቱ ጥሞን ሳንጠይቅ ቀረን። ዛሬ እንጠይቅ። ምክንያቱም ድንጋይ ዛሬም ዳቦ ይሆናል፤ የእኛም ድንጋይ ሆኗል። ጋጋሪውና በሊታው ሌላ ሰው ሆኖ ነው እንጂ።

ጨዋታችን ስለ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ነው። አንዱ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ደጅ ላይ የበረደው ነው። ሌላው መውጫ አጥቶ እዚያው መሬት ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የበረደው ግራናይት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዝምድናቸውን ወደ ኋላ እናየዋለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈናል፤ የሚነሡት ሰዎች አብዛኞቹ ፈረንጆች ስለሆኑ። ይህ ራሱ የታሪኩ አንድ ክፍል መሆኑን ልብ በሉልን።)

ስሙን ከዚህ ሰፈር የወሰደ ድንጋይ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። እዚያው አቅራቢያ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ያገኘው ከድንጋዩ ነው። ባልጩት ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሲሰበር ደግሞ እንደ ምላጭ የሚስል ድንጋይ ነው። ፈረንጆቹ ኦብሲዲያን ይሉታል። በመልካ ቁንጡሬ፣ ሲምቢሮ በሚባለው ሥፍራ የጥንት ሰዎች ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየጠረቡ መጥረቢያ ይሠሩ እንደነበር በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ቡና ቤት «እኛ እኮ በድሮ በሬ ነው የምናርሰው» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት፦ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠቃሚውን መርጦ መጠቀም እዚህ አገር ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በደቡብ አንዳንድ አካባቢ ቆዳ ፋቂዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ በባልጩት ሲፍቁ ኖረዋል።

ስሙስ? በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ድንጋዩ የተሰየመው ኦብሲየስ በሚባል ሰው እንደሆነ ጽፏል። ይህ ሰው ድንጋዩን ያገኘው በኢትዮጵያ ነው ይላል። እርግጥ ያኔ «ኢትዮጵያ» የሚባለው ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለው ሰፊ አገር ነበርና ካርታ አውጥተን ድንበር አንከራከርም። ነገር ግን በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያም የአክሱም ወደብ የነበረችውን አዱሊስን ሲያነሣ፣ ከእርሷ አለፍ ብሎ ባለ የባሕር ወሽመጥ አሸዋ ሥር ኦብሲዲያን እንደሚገኝ ይነግረናል። እንግዲህ ዓለም የሚጠራበት ስም ከዚህ ሰፈር ወጥቶ ሄዷል። ስም ሰጥቶ ባዶ እጅ መቅረት ያኔ ተጀመረ ብንል አበዛችሁ ትሉን ይሆናል። እስኪ ቀጥሎ ያለውን ስሙ።

መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት

በ1867 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ላይ ነበሩ። መንገዱ የሚያልፈው በዋድላና በደላንታ አምባ ነው። ገደሉን ለመውረድና ለመውጣት ድንጋዩን እየፈለጡ መንገድ መሥራት ነበረባቸው። ወራት ፈጀባቸው። የሮበርት ናፒየር ጦር በ1868 ሲመጣም ንጉሡ ባሠሩት በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቲያትሩንም ዘፈኑንም ሰምተናል።

ብዙ ያልተወራለት ግን ከጦሩ ጋር አብሮ የመጣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነው። ከሕንድ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተልኮ፣ ጦሩ በሄደበት ሁሉ እየሄደ ድንጋይ ይመለከት ነበር። በ1870 ለንደን ላይ ስለ አቢሲኒያ ጂኦሎጂና እንስሳት መጽሐፍ አሳተመ። ሰሜኑን አገር ያለበሰውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሁለት ከፈለው። የታችኛውን በሐሸንጌ ሐይቅ ስም «አሻንጊ»፣ የላይኛውን ደግሞ «መቅደላ» ብሎ ሰየመው። ጂኦሎጂ ያጠና ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፤ ሁለቱን ስሞች ያውቃቸዋል። እኛ መቅደላን የምናውቀው ንጉሥ የሞተበት አምባ ሆኖ ነው፤ በጂኦሎጂ መጻሕፍት ግን የድንጋይ ንብብር ስምም ነው።

ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዕድሜውን ለኩት። ያ ሁሉ አምባ የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ አብዛኛው ቅልጥ አለት የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። በአንዳንድ ቦታ ንብብሩ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። አብዛኛው ጥቁሩ ባዛልት ነው። በመሃል በመሃሉ ግን የተለየ ንጣፍ ይገባል፤ እሳተ ገሞራው በፍንዳታ የተፋው ትኩስ አመድ ተከምሮ ድንጋይ የሆነበት ነው። ይህ አመድ በሲሊካ የበለጸገ ነው። ውኃ ለረጅም ዘመን ሲሰርግበት ሲሊካውን እያሟሟ ይወስዳል፤ ከሥር ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፤ ሲሊካው ቀስ ብሎ ይረጋል። የረጋው ነገር በደቃቅ ኳሶች የተሞላ ነው። ኳሶቹ በመጠን እኩል ሆነው በረድፍ ከተሰደሩ ብርሃን ሲመታቸው ቀስተ ደመና ይወጣል።

ይህ ኦፓል ነው። በደላንታ፣ ከወገል ጤና ከተማ ሰሜን ባለው ገደል በ2008 ተገኘ። ኦፓል ያለበት ንጣፍ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ሴባስቶፖል የተጎተተበት፣ ብላንፎርድ ደብተሩን ይዞ ያለፈበት አምባ ነው። ንጉሡም፣ ጄኔራሉም፣ ጂኦሎጂስቱም በላዩ አልፈውታል። ኦፓሉ ግን እስከ 2008 እዚያው ገደል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

የጠበቀው ግን እነማንን ነበር? የአካባቢውን ወጣቶች ነው። በገደሉ ወገብ ላይ እየተንጠላጠሉ፣ በመዶሻና በዶማ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ዋሻው ብዙ ጊዜ ድጋፍ የለውም። ድንጋዩ የላላ አመድ ነው፣ ከላዩ ከባድ ባዛልት ተጭኖታል፤ ክረምት ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። በ2024 መጀመሪያ ላይ በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ 20 የሚሆኑ ቆፋሪዎች ውስጥ መቅረታቸው ተዘግቦ ነበር። የመጀመሪያውም አልነበረም። የሚያወጡት ድንጋይ ደግሞ አብዛኛው በጥሬው ይሸጥና የሚቆረጠውና የሚሞረደው ሕንድ፣ በተለይ ጃይፑር ከተማ ነው። ከዚያ ቀለበት ሆኖ ይሸጣል።

ታክሲ ያጡት ንጥረ ነገሮች

አሁን ወደ ግራናይት እንግባ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ግራናይት በሁለት ጎራ ተከፍለው ይጣሉ ነበር። በጀርመን ፍራይበርግ የሚያስተምረው ቨርነር «ግራናይት ከጥንት ባሕር ውኃ የረጋ ነው» አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን «የለም፣ ከእሳት ነው፤ ቀልጦ ነበር» አለ። በ1785 ኸተን ግሌን ቲልት የሚባል ሸለቆ ሄዶ ቀዩ ግራናይት እንደ ጅማት ተዘርግቶ ጥቁሩን ድንጋይ ሰንጥቆ ሲገባ አየ። ሰንጥቆ የገባ ነገር ፈሳሽ መሆን አለበት፤ ከተሰነጠቀውም በኋላ የመጣ ነው። በጊዜ ሂደት ኸተን አሸነፈ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለኪስ የሚጠቅመው ነው፦ ለምንድን ነው አንዱ ግራናይት የወለል ንጣፍ ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሊቲየም፣ ታንታለም የሚሸከመው? መልሱን ለማግኘት ዓለም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ጠበቀች። መልሱ ከሁሉም በላይ የሚያያዘው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ቪክቶር ጎልድሽሚት። በ1888 ዙሪክ ተወልዶ ኖርዌይ ያደገ ሳይንቲስት ነው። የዘመናዊ ጂኦኬሚስትሪ አባት ይሉታል።

የጎልድሽሚትን ሐሳብ በእኛው ቋንቋ እንንገራችሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት መገናኛ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ጂኦኬሚስትሪ ታውቃላችሁ። ቅልጥ አለት ሲበርድ ክሪስታሎች ተራ በተራ ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ክሪስታል እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ወንበሮቹ የተወሰነ ስፋት አላቸው። መጀመሪያ የሚመጡት ታክሲዎች ብረትንና ማግኒዚየምን ጭነው ይሄዳሉ። ቀጥለው የሚመጡት ካልሲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ይጭናሉ። ሲሊከንና አሉሚኒየም ቦታ አያጡም፤ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ወያላው ግን አንዳንዱን መንገደኛ አያስገባም። ሲዚየም ከወንበሩ በላይ ወፍራም ነው። ሊቲየም ትንሽ ናት፣ ወንበሩ ላይ አትረጋም። ታንታለምና ኒዮቢየም መጠናቸው ደህና ቢሆንም ሻንጣቸው በዛ፤ አምስት የኤሌክትሪክ ሙል ተሸክመው የሚሄዱ ናቸውና ታክሲውን ሚዛን ያሳጡታል። ጎልድሽሚት በ1920ዎቹ ይህን በቁጥር አሳየ፦ ንጥረ ነገር የት ክሪስታል ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው በዋናነት የመጠኑና የሙሉ ነገር ነው።

ታዲያ ታክሲ ያጡት ምን ይሆናሉ? ሰልፉ ላይ ይቀራሉ። ሌላው እየተሳፈረ ሲሄድ ሰልፉ ይቀንሳል፣ የቀሩት ግን በመቶኛ ይበዛሉ። የመጨረሻዋ ጠብታ ቅልጥ አለት በውኃ፣ በፍሎሪን፣ በቦሮን የተሞላች ቀጭን ፈሳሽ ትሆናለች። በዚያች ጠብታ ውስጥ የተረሱት ሁሉ ይገናኛሉ። ያኔ ኮንትራት ታክሲ ይይዛሉ፦ የራሳቸውን ማዕድን ይሠራሉ። ታንታላይት፣ ስፖዱሚን፣ ቤሪል የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ይህ የመጨረሻ ድንጋይ ፔግማታይት ይባላል። ክሪስታሎቹ አንዳንድ ጊዜ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ማዕድን የምንለው ነገር እንግዲህ በሌላው ድንጋይ ቦታ ያጡት የተሰበሰቡበት ሠፈር ነው።

የእሳተ ገሞራውስ? ባልጩትና ግራናይት በኬሚስትሪ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። ልዩነታቸው ባልጩት ድንገት ደጅ ወጥቶ መድረቁ ነው። ታክሲ እስኪመጣ የሚጠብቅ ጊዜ የለም፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ እንደቆመ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ ባልጩት ታንታለም አይታፈስበትም። ግን ሌላ ነገር ይሰጣል። ታክሲ ያጡት እነ ኒዮቢየም፣ ሩቢዲየምና ዚርኮኒየም በእያንዳንዱ እሳተ ገሞራ መጠናቸው ስለሚለያይ፣ የባልጩቱ አሻራ ይሆናሉ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዛሬ አንድ የጥንት ምላጭ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ የሚያውቁት እነዚህን በመለካት ነው።

የጎልድሽሚት የራሱ ሕይወት ደግሞ ልብ ይነካል። ጀርመን ጎቲንገን ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ጥላቻ ምክንያት በ1935 ጥሎ ወጣ። ወደ ኖርዌይ ተመለሰ። በ1942 እዚያም ተያዘ፤ ወደ አውሽዊትዝ የሚወስደው መርከብ ወደቆመበት ወደብ ከተወሰደ በኋላ፣ ዕውቀቱ ይጠቅማል በሚል ሳይሳፈር ቀረ። ወደ ስዊድን፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ሸሸ። በ1947 ኦስሎ ውስጥ ሞተ። ቦታ ያጡትን ንጥረ ነገሮች ሕግ የጻፈልን ሰው ራሱ ቦታ ያጣ ሰው ነበር።

ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚጠማ ብረት

ከእነዚያ ቦታ ካጡት መካከል አንዱን እንከተል፤ ምክንያቱም መጨረሻው ጉጂ ነው። ስቶክሆልም አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ይተርቢ የምትባል መንደር አለች። ለሲኒና ለሳሕን የሚሆን ነጭ ድንጋይ የሚወጣባት የፔግማታይት ጉድጓድ ነበራት። በ1787 አሬኒየስ የሚባል የመድፈኛ መኮንን እዚያ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ኬሚስቶች ያንን ድንጋይና መሰሎቹን ሲመረምሩ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ተራ በተራ ወጡ። አራቱ ስማቸውን ከመንደሯ ወሰዱ፦ ይትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም፣ ይተርቢየም። መንደሪቱ ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን በዓለም ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰንጠረዥ አራት ቦታ ተጽፏል።

በ1802 ስዊድናዊው ኤኬበርግ ከይተርቢና ከፊንላንድ በመጡ ድንጋዮች ውስጥ ሌላ ብረት አገኘ። አሲድ ውስጥ ቢነከርም አሲዱን አይጠጣም። ስለዚህ ታንታለም አለው። ታንታለስ በግሪኮች ተረት የተቀጣ ንጉሥ ነው፤ እስከ አገጩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ውኃው ይሸሸዋል። ከዚያ በፊት በ1801 እንግሊዛዊው ሃቼት ከአሜሪካ በመጣ ድንጋይ ውስጥ ዛሬ ኒዮቢየም የምንለውን አግኝቶ ነበር። ሁለቱ መንትያ ስለሚመስሉ ለአሥርት ዓመታት እንደ አንድ ተቆጠሩ። በ1844 ሃይንሪሽ ሮዘ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየና ሁለተኛውን በታንታለስ ልጅ በኒዮቤ ስም ሰየመ። በ1866 ማሪኛክ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ፍሎራይድ ተጠቅሞ የሚለይበትን መንገድ አገኘ። በ1903 በርሊን ውስጥ ቮን ቦልተን የሚሳብና የሚተጣጠፍ ታንታለም ሠራ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአምፖል ክር ሆነ። ከዚያ ታንግስተን ቦታውን ወሰደበት።

ትልቁ ቀን የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ጠጣር የታንታለም ካፓሲተር ተሠራ። ታንታለም በላዩ ላይ የምታርፍ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ አለችው፤ በእርሷ ምክንያት ጥቂት ዱቄት ብዙ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ትንሽ ስልክ ለመሥራት ትንሽ ካፓሲተር ያስፈልጋል። በ2000 ሞባይልና የቪዲዮ ጌም ዓለምን ሲያጥለቀልቁ የታንታለም ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በ2001 ደግሞ ወደቀ። በዚያ መሃል የኮንጎ ኪቩ ነበር። እዚያም ታንታለም ያለው በፔግማታይት ውስጥ ነው፤ በአካፋ ይወጣል። ታጣቂዎች ጉድጓዱን ተቆጣጠሩት። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በ2001 ዘረፋውን ዘረዘረ። በ2010 አሜሪካ ኩባንያዎቿ ታንታለማቸው ከየት እንደመጣ እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በእጃችን የያዝነው ስልክ ንጹሕ መሆኑን የማወቅ መብት ያኔ ሕግ ውስጥ ገባ፤ ቢያንስ ለአሜሪካ ገዥ።

ቀንጢቻ

ቀንጢቻ ጉጂ ዞን ውስጥ፣ ከሻኪሶ ወደ ደቡብ ነው። አካባቢውን ሰው የሚያውቀው በአዶላ ወርቅ ነው። በ1980ዎቹ የሶቪየትና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂስቶች አብረው ሲያሥሡ ይህን ፔግማታይት አገኙት። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ እስከ 100 ሜትር ነው። ዕድሜው 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ዘመን አፍሪካ፣ ሕንድና አንታርክቲካ የአንድ ትልቅ አህጉር አካል ለመሆን እየተጋጩ ነበር፤ ከግጭቱ ማብቂያ ላይ የበረደ ድንጋይ ነው። የደላንታ አምባ ከእርሱ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው።

በተራ ድንጋይ ውስጥ ታንታለም ከአንድ ሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ አይሞላም። በቀንጢቻ ማዕድን ያለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ዝናብና ፀሐይ ለረጅም ዘመን የላይኛውን ድንጋይ አፍርሰው አፈር አድርገውታል። ስለዚህ ከ1990 ጀምሮ ማውጣት ሲጀመር ብዙ መፍጨት አላስፈለገም። ታንታላይት ከባድ ነው፤ አፈሩ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ሴቶች እህል ሲያንገዋልሉ የምናየው ሥራ ነው፣ በነፋስ ፈንታ በውኃ።

የቀረው ጥቁር አሸዋ በበርሜል ተሞልቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። እዚህ ላይ ያ የሰልፍ ነገር ዞሮ ይመጣል። ታክሲ ካጡት መካከል ዩራኒየምና ቶሪየምም ነበሩ፤ ከታንታለም ጋር በአንድ ኮንትራት ተሳፍረዋል። ስለዚህ የታንታላይት አሸዋ ጨረር ሊኖረው ይችላል፤ በመርከብ ሲጫንም እንደ ጨረር አመንጪ ዕቃ ጥብቅ ሕግ ይጠብቀዋል። የቀንጢቻም ሥራ በየጊዜው ሲቆምና ሲነሣ ኖሯል። ከዚያ የ2021 እና የ2022 የኤሌክትሪክ መኪና ግርግር መጣና ሁሉም ስለ ሊቲየም ማውራት ጀመረ፤ ለ30 ዓመት ታንታለም ሲታጠብበት የነበረው ቀንጢቻ ስፖዱሚን የሚባለው የሊቲየም ማዕድንም አለውና። ብዙም ሳይቆይ በ2023 የሊቲየም ዋጋ አሽቆለቆለ። ድንጋዩ 530 ሚሊዮን ዓመት አልተለወጠም። አንዴ ሀብት፣ አንዴ አፈር የሚሆነው የዓለም ፍላጎት ሲለዋወጥ ነው።

ዳቦው የት ይጋገራል?

እዚህ ስንደርስ ብዙ ጸሐፊ «ፋብሪካ ይገንባ!» ብሎ ይጨርሳል። እኛ እንደዚያ ብለን ልናልፍ አልፈለግንም። ታንታለምን ከኒዮቢየም ለመለየት ድንጋዩ የሚሟሟው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ቆዳ አልፎ አጥንት የሚደርስ አሲድ ነው። አንድ ማዕድን ብቻ ይዞ፣ ዋጋው በሁለት ዓመት ወጥቶ በሚወርድ ገበያ፣ ያንን ዓይነት ፋብሪካ ማቆም ቀልድ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ውኃ የሚጠጣበት ወንዝ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። በዚያው በጉጂ፣ የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2018 የታገደው ነዋሪው ስለ ጤናው አደባባይ ወጥቶ ከጮኸ በኋላ መሆኑን አንርሳ።

የምንለው ሌላ ነው። ኖርዌይን እንይ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ጥሬ ዕቃ ተቋረጠባት። በ1917 መንግሥት «ያሉን ድንጋዮች ለምን ይጠቅማሉ?» የሚል ጥያቄ ይዞ የጥሬ ዕቃ ላቦራቶሪ አቋቋመ፤ ኃላፊ ያደረገው ጎልድሽሚትን ነው። ያ የመላው ዓለም ጂኦኬሚስትሪ የቆመበት ዕውቀት ያደገው እዚያ ነው፤ አንዲት ድሀ ያልሆነች፣ ግን ትንሽ የነበረች አገር ስለራሷ ድንጋይ ስትጠይቅ። ፋብሪካው ኋላ መጣ። ላቦራቶሪው ቀደመ።

ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቀጣዩ ደረጃ የተለያየ ነው። ለቀንጢቻ ቀጣዩ ደረጃ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ሊቲየም፣ ምን ያህል ታንታለም፣ ምን ያህል ዩራኒየም እንዳለ ከገዥው እኩል ማወቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ፣ የሚሸጠውን ሳይመዝን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ለደላንታ ግን አሲድ አያስፈልግም፤ ኦፓል የሚቆረጠው በትንሽ የሞረድ መሽከርከሪያ፣ በውኃ፣ በሠለጠነ እጅ ነው። ክፍል ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ለጃይፑር የሚቻል ለደሴ አይቻልም የሚል የኬሚስትሪ ሕግ የለም። ከዚያም በፊት ግን ዋሻው ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ የትኛው ንጣፍ እንደሚናድ የሚነግር ሰው ያስፈልገዋል። ያንን የሚያውቁ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በጂኦሎጂ የሚመረቁ ልጆች አሉ። ከእነርሱ መካከል ስንቱ ሥራ ፈልጎ ሌላ ሙያ እንደያዘ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ የእኛም ጓደኞች ናቸው።

ብላንፎርድ በደላንታ ያለፈው ከጦር ጋር ነበርና ጊዜ አልነበረውም። የዛሬዎቹ ጂኦሎጂስቶች ጊዜ አላቸው። ገደሉ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ መዶሻ አለው፣ ካርታ የለውም። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ድንጋዩ ለሌላ ሰው ዳቦ እየሆነ ይቀጥላል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢገናኙ ደግሞ አንድ ዋሻ ሳይናድ ይተርፍ ይሆናል።